ጅማ፦ የታደሰ ባለ ሁለት በር ፊያት 131 ልሸጥ ነው፤ ስንት ልበል?

መፈልፈያ (ጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ የቡና መፈልፈያ ማሽን መጠገን ነው። ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወራት ከአጋሮ እስከ ሰኮሩ ያለው ባለ መፈልፈያ ሁሉ ስለሚፈልገኝ ለራሴ ጊዜ የለኝም። ከጥር ወዲያ ግን ጋራዤ ጭር ይላል፤ እጄም ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይወድም። በዚያ ጊዜ ያደስኩትን መኪና አሁን ልሸጠው ወስኛለሁ። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ጋራዡም ለማሽን ሥራ ተፈልጓል። ስንት ብዬ ልጥራው? ማስታወቂያው ላይስ ምን ልጻፍ? ይህንን ነው የምጠይቃችሁ።

መኪናው የ1977 ፊያት 131 ሚራፊዮሪ ነው (የመኪናውን ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መሪው በግራ ነው፤ በሩ ሁለት ነው። 131ን ለማታውቁት፦ ፊያት በ1974 ያወጣው የ124 ተተኪ ነው፤ 124 ደግሞ ላዳ ሆና አዲስ አበባን በታክሲነት ያገለገለችው ናት። ባለ አራት በሩን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ባለ ሁለት በሩ ግን ብርቅ ነው፤ ይህንን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስገዛው የነበረው ሞተር ከፋብሪካው የወጣበት 1585 ሲሲ፣ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ተሽከርካሪ ዘንግ) ብሎኩ ውስጥ ያለ፣ ቫልቩን በዘንግ የሚገፋ ነበር። ብሎኩ ተሰንጥቆ በብየዳ ተለጥፏል፤ ለጣፊው ማን እንደሆነ ባውቅ ብየዳ ዳግመኛ እንዳይነካ እለምነው ነበር። አሁን ያለው ሞተር ከፊያት 132 የወጣ፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ሁለት ካምሻፍት የተሸከመ፣ 1995 ሲሲ ነው። ፋብሪካው 112 የፈረስ ጉልበት ይለዋል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1700 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚያ ውስጥ አንድ አምስተኛ የሚጠጋው በስስ አየር ይቀራል፤ ስለዚህ 112 ብላችሁ አትምጡብኝ። ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ ነው፤ ከዚያው ከ132ቱ ወርዷል። ፒስቶን፣ ፋሻ፣ የክራንክ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ሁሉም አዲስ ነው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካክሏል። የዌበር ካርቡራተሩን ዋና ጂግለር (የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ) ለከፍታችን ስል አሳንሼዋለሁ፤ በትልቁ ሲሠራ ካንዴላው እየጠቆረ ጭሱ ጎረቤት ያስቆጣ ነበር።

አካሉን በተመለከተ፣ የጅማ ዝናብ ላሜራ ይበላል። ከሁሉ የባሰው የፊት ሞላዎቹ ራስ የሚያርፍበት ቦታ ነበር። ኮፋኖውን ከፍቼ ከላይ ሳየው ቀለሙ ያበራል። በጎማው በኩል እጄን አስገብቼ ስጫነው ግን ጭቃው፣ አሮጌው ቅባትና ዝገቱ አብረው እየተፈረፈሩ እጅጌዬ ውስጥ ወረዱ፤ ጣቴም በዚያ በኩል ወጣ። ሻጩ አጠገቤ ቆሞ «ይቺ ትንሽ ብየዳ ናት» አለኝ። በሁለቱም ወገን ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጬ በአዲስ ላሜራ ሠርቼዋለሁ። ከበሩ ሥር ያለው ሳጥንም በሁለቱም ጎን ተቀይሯል። ስቱኮ የለበትም አልልም። ያለ ስቱኮ ቀለም ቀባሁ የሚል ባትላሜራ ካጋጠማችሁ አትመኑት። የኔ ስቱኮ የመዶሻ ምልክት ለማስተካከል ብቻ የገባ ስስ ነው፤ ማግኔት የትም ቦታ ይይዛል። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ወንበሩን ያለበሰው የከተማችን ሶፋ ሠሪ ነው፤ ስፌቱን ያየ ሰው ከፋብሪካ ነው ብሎ ሲከራከረኝ ደስ ይለኛል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ዲፈረንሻሉ የድሮው 1600 ስለሆነ አጭር ነው፤ ዳገት ላይ ያስደስታል፣ ሜዳ ላይ ግን ከ100 በላይ ሞተሩ ይጮኻል። የክሩስኮቱ ሰዓት አይሠራም። የቀኙ በር መስታወት ሲወርድ ግማሽ ላይ ይይዛል።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። አጂፕ አካባቢ ያለ አንድ ደላላ መኪናውን ዞሮ አየውና «ጊንጡን ለጥፍበት፣ አባርት በለው፣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል» አለኝ። (አባርት የፊያት የውድድር መኪና ስም ነው፣ ምልክቱም ጊንጥ ነው።) እምቢ ብለው በማግስቱ ተለጣፊውን ራሱ ገዝቶ መጣ። የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሳጥኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ አባርት ነው። ፊያት 131 አባርት በዓለም ራሊ ውድድር ስንት ዋንጫ እንዳነሣ አውቃለሁ፤ ባለ ሁለት በሩን የወደድኩትም በእርሱ ምክንያት ነው። ግን ይሄ እርሱ አይደለም፤ የእርሱ ወንድም ነው። እኔ የማስበው ዋጋ 1.35 ሚሊዮን ብር ነው። አበዛሁ? እዚሁ ጅማ ልሽጠው ወይስ አዲስ አበባ ልውሰደው?

ቀጥታ መንገድ (ሐዋሳ)

አበዛህ። በዚያ ላይ ትንሽ ጨምሬ ቪትዝ እገዛለሁ፤ የአየር ማቀዝቀዣ አለው፣ እቃው በየሱቁ ነው፣ መስታወቱም እስከ ታች ይወርዳል። ሥራህን አላቃልልም፣ የሠራኸው ሥራ የሚያስቀና ነው። ነገር ግን ገዢ ላንተ ላብ አይከፍልም። ነገ አንድ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ) ቢሰበርበት ከየት ያመጣል? እኔ ብሆን 800 ሺህ ብዬ ጀምሬ የመጣውን እቀበላለሁ።

ባለ ዌበሩ (አዲስ አበባ)

ቪትዝ የሚፈልግ ሰው ቪትዝ ይግዛ፤ ይሄ ሌላ ገበያ ነው። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በመከልከሉ ደግሞ የማንኛውም ጤነኛ ቤንዚን መኪና ዋጋ ከፍ ብሏል፤ የ800 ሺህ ወሬ ያረጀ ይመስለኛል።

መፈልፈያ፣ አባርት አለማለትዎ ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ግን በዝርዝር ልጻፈው። ደላላው ሌላ ሰው ጋር መሄዱ ስለማይቀር ገዢ የሆነ ሰው ይወቀው።

እውነተኛው 131 አባርት በ1976 የተሠራው የግሩፕ 4 የራሊ ደንብ 400 መኪና እንዲመረት ስለሚያስገድድ ነው። የተሠራውም በዚያው ቁጥር ልክ ነው። ሁሉም ባለ ሁለት በር ናቸው፤ ባለ አራት በር አባርት የሚሸጥልዎ ሰው ካለ ሳይነጋገሩ ይሂዱ። የጎማ ሽፋኖቹ፣ ፓራፋንጎ የምንላቸው፣ ከፋይበር የተሠሩና ወደ ውጭ ያበጡ ናቸው። ሞተሩም 1995 ሲሲ ነው፤ የደላላው ወሬ የሚያምረው በዚህ ነው፣ ምክንያቱም የእርስዎም 1995 ነው። ነገር ግን የአባርቱ ቴስታታ 16 ቫልቭ ሲሆን የ132ቱ 8 ነው። ለመንገድ የተሸጠው 140 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ለውድድር የተዘጋጀው ከ200 በላይ።

ኮፋኖ መክፈት ለማይወድ ሰው ደግሞ ከኋላ ተንበርክኮ ከሥር ማየት ይበቃዋል። በተራው 131 ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ አክስል ከዲፈረንሻሉ ጋር ይታያል፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም ያዘነብላል። በአባርቱ ግን እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። ያንን በተለጣፊ መለወጥ አይቻልም።

አሁን ጥያቄ አለኝ፤ ገዢ ልሆን ስለምችል ቅር አይበልዎ። የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የውስጥ ግፊት) ስንት ነው? ታይሚንግ ቺንጋው የገባው መቼ ነው፣ መወጠሪያውስ አብሮ ተቀይሯል? በ2000ው ሞተር ቺንጋ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ስለሚጋጩ «አዲስ ነው» ብቻውን አይበቃኝም። ረጅም ዳገት ላይስ ሙቀቱ እንዴት ነው?

የአጂፕ ልጅ (ጅማ)

ጋሼ፣ እኔ መኪናውን አይቼዋለሁ! ባለፈው በፈረንጅ አራዳ በኩል ሲያልፉ ከባጃጄ ወርጄ ቆሜ ነው ያየሁት። ድምፁ! ማርሽ ሲቀይሩ ከማርሚታው የሚወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈው ይሄ አይደል? ያንን ይጻፉበት፤ አባርት ሳይሉም ይሸጣል። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ሳፋሪ የማያውቅ የለም።

ባለ ዌበሩ (አዲስ አበባ)

የአጂፕ ልጅ፣ ጆሮህን አደንቃለሁ፤ ታሪኩን ግን አስተካክል። ሳፋሪን 131 አላሸነፈም። በ1975 እና በ1978 ያሸነፈው ፔጆ 504 ነው። ከ1979 እስከ 1982 ደግሞ ኬንያዊው ሼካር ሜህታ በዳትሰን ቫዮሌት አራት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ። የ131 አባርት አገሩ ሌላ ነው፤ ፊንላንድ፣ ፖርቱጋል፣ ሞንቴ ካርሎ። ማርኩ አለን በ1976 የፊንላንዱን የሺህ ሐይቆች ራሊ አሸነፈበት። ፊያት በ1977፣ በ1978 እና በ1980 የአምራቾችን የዓለም ዋንጫ ወሰደ፤ በ1980 ዋልተር ሮርል የነጂዎች ሻምፒዮን ሆነ፣ የዚያን ዓመት ሞንቴ ካርሎንም በዚሁ መኪና ነው ያሸነፈው። ነጩ ላይ አረንጓዴና ቀይ የአሊታሊያ ቀለም ያለበትን ፎቶ አይተህ ከሆነ እርሱ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ለሻጩ ማስታወቂያ የሚጠቅመው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «አካሉ ከራሊው መኪና ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው»። ከዚያ በላይ ከተጻፈ ገዢ ይጠረጥራል።

ሊብሬ አንባቢ (ወሊሶ)

ስለ ካምሻፍት አላውቅም፤ የማውቀው የሽያጭ ውል ነው፣ በየቀኑ አዘጋጃለሁ። ወንድሜ መፈልፈያ፣ ሞተሩ መቀየሩን ራስዎ ጽፈዋል። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር የትኛው ነው? አሮጌው 1600 ከሆነ ዋጋው ላይ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት እርሱን ይጨርሱ። ገዢው ስም ሊያዛውር ሲሄድ ቁጥሩ ይታያል፤ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ጉዳዩ ይቆማል፤ ክፍያ ተፈጽሞ ከሆነ ደግሞ ጠቡ ይጀምራል። እንዲህ ዓይነት ጠብ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱም ቅን ናቸው፤ አንዱ «ነግሬሃለሁ» ይላል፣ ሌላው «ስለ ወረቀቱ አልነገርከኝም» ይላል።

ሞተሩ የተገዛበት ደረሰኝ ወይም ውል አለዎት? የ132ቱ መኪና ከመንገድ ሲወጣ ሞተሩ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑ ታይቷል? የሻንሲ ቁጥሩ በብየዳው ሥራ ጊዜ አልተነካም? በተለይ የመጨረሻው ያሳስበኛል፤ የፊት ላሜራ ቆርጬ ቀየርኩ ብለዋልና። የተነካ ወይም የተቀባ የሻንሲ ቁጥር ያለው መኪና፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ማንም ሊገዛው አይገባም።

መፈልፈያ (ጅማ)

በቅደም ተከተል ልመልስ።

ባለ ዌበሩ፣ አይከፋኝም፤ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ነው የምፈልገው። ኮምፕሬሽኑ ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላው በሙሉ ወጥቶ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ ሲለካ ዝቅተኛው 138፣ ከፍተኛው 145 ፒ ኤስ አይ ነው። የጥገና መጽሐፍ ውስጥ ከፍ ያለ ቁጥር አይተው እንዳይደነግጡ፤ እዚያ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚለካ ሰው ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ዋናው በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፣ እርሱም ትንሽ ነው። ቺንጋውና መወጠሪያው አብረው ተቀይረዋል፤ አሮጌዎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ፣ ማየት ይችላሉ። በእኔ ሥራም ቺንጋ ቀይሮ መወጠሪያውን የሚተው ሰው አጋጥሞኛል፤ ቡናው በማሽኑ ውስጥ ተነክሮ ሲያድር ይጸጸታል።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ጊቤ በረሃ ወርጄ ተመልሼ ወደ ሰኮሩ ስወጣ የሙቀት መርፌው ከመሃል አላለፈም። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከፊቴ ሲሚንቶ የጫነ ሲኖትራክ በእግረኛ ፍጥነት ስለሚወጣ ለረጅም ጊዜ በሁለተኛ ማርሽ ተከተልኩት። አዲስ ራዲያተር ባላስገባ ኖሮ እዚያ ቆሜ ኮፋኖ ከፍቼ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ የቸገረኝ ሌላ ነገር ነው፤ በረሃው ውስጥ አየሩ ስለሚወፍር፣ ለጅማ ያሳነስኩት ጂግለር እዚያ ትንሽ ስስ ይሆንበታል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ለቅጽበት ያመነታል። አዲስ አበባ ላይ ይህ አይኖርም። አፋር የሚወስደው ሰው ከሆነ ግን ትልቁን ጂግለር ከመኪናው ጋር እሰጠዋለሁ።

ቀጥታ መንገድ፣ የእቃውን ነገር ተገቢ ጠይቀሃል። ፊያት ቢያቆምም ቱርኮች አላቆሙም። ቶፋሽ 131ን በሙራት ስም ከ1977 ጀምሮ ሠርቶ፣ በኋላ ሻሂን፣ ዶአንና ካርታል እያለ እስከ 2002 ቀጥሏል። የእኔ ቴስቲና፣ የፍሬን ሸራና የፊት እግር ላስቲኮች በሙሉ ከቱርክ ሰው ያመጣልኝ ናቸው፣ ልክ ገብተዋል። የሞተሩ እቃ ሌላ ነው፤ የሞተር እቃ ስታዝ ለ132 2000 ብለህ ማዘዝ አለብህ እንጂ ለ131 ብትል የማይገጥም ይመጣልሃል። ስለ መስታወቱ ግን አፌዝክብኝ፤ ዛሬ በሩን ፈትቼ ሐዲዱን አስተካክየዋለሁ፣ አሁን እስከ ታች ይወርዳል። ምስጋናዬ ይድረስህ።

እህቴ ሊብሬ አንባቢ፣ ሁለቱን ጉዳይ እርግጠኛ ነኝ። የሻንሲ ቁጥሩ አልተነካም፤ ብየዳው ወደ እርሱ አልደረሰም፣ ቀለም ሲረጭም በወረቀት ሸፍኜዋለሁ፣ ስለዚህ የፋብሪካው ምት በግልጽ ይነበባል። ሞተሩን የገዛሁት ተገልብጦ አካሉ ከተበላሸ 132 ባለቤት በጽሑፍ ውል ነው፤ የሊብሬው ቅጂም አለኝ። የሞተር ለውጡን አስመርምሬ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፣ አዲሱ ቁጥር የተጻፈበት ሊብሬ ግን ገና እጄ አልገባም። እስኪገባ ድረስ ቀብድ እንኳ አልቀበልም።

የአጂፕ ልጅ፣ የሚቀጥለው ጊዜ ባጃጅህን ዳር አስይዘህ ውረድ፤ መንገድ መሃል ነበር የቆምከው፣ ጥሩምባ የነፋሁልህም እኔ ነኝ።

ሊብሬ አንባቢ (ወሊሶ)

እንዲህ ከሆነ መልካም ነው። ውሉ ላይ «ሞተሩ ከሌላ መኪና የተቀየረ መሆኑን ገዢ አውቆ ገዝቷል» የሚል አንቀጽ ይግባ፤ ጉድለቶቹም እዚህ እንደጻፏቸው አንድ በአንድ ይዘርዘሩ። የታወቀ ጉድለት በኋላ ክስ አይሆንም። ሰዓቱንም አይርሱት፤ ለሰዓት የተጣላ ሰው አይቻለሁ።

ባለ ዌበሩ (አዲስ አበባ)

ከዋጋው ላይ የማስበውን በግልጽ ልናገር። በኦሪጅናል ሞተር ቢሆን ሰብሳቢ ሰው 1.35 ሚሊዮኑን ላይከራከር ይችል ነበር። የሞተር ቅያሪው ለመንዳት ይሻላል፣ ለሰብሳቢ ግን ይቀንሰዋል። በሌላ በኩል ጤነኛ ባለ ሁለት በር አካል እዚህ አገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሞተር ይገኛል፣ አካል አይገኝም። የእኔ ግምት ከ1.15 እስከ 1.25 ሚሊዮን ነው። ጅማ ላይ ገዢው ለመሥሪያ ቤት መመላለሻ የሚፈልግ ሰው ስለሚሆን ከቪትዝ ጋር እያወዳደረ ያለቅስብዎታል። አዲስ አበባ ግን መውሰድ አያስፈልግም፤ በደንብ ከተጻፈ ፈላጊው ራሱ ይመጣል። ደግሞ ፎቶ ሲያነሱ ከሥር ያንሱ፤ የሞላውን ቦታ፣ የበሩን ሥር፣ የኋላውን አክስል። የታጠበ ኮፋኖ ፎቶ ማንም አለው።

መፈልፈያ (ጅማ)

ተስማማን፤ 1.25 እላለሁ፣ ከ1.2 አልወርድም። ማስታወቂያውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ የሚነቀፍ ካለ ንገሩኝ፦

«ፊያት 131፣ 1977፣ ባለ ሁለት በር፣ መሪ በግራ። አባርት አይደለም። ሞተርና ካምቢዮ ከፊያት 132 2000፣ ለውጡ በመመዝገብ ላይ ያለ። ዲፈረንሻል የ1600፣ አጭር። የክሩስኮት ሰዓት አይሠራም። የአካል ሥራው ከመቀባቱ በፊት የተነሣ ፎቶ አለ፤ ማግኔት ይዞ መምጣት ይቻላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ ለማየት የሚፈልግ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ይምጣ። ዋጋ 1.25 ሚሊዮን ብር። ጅማ።»

ቀጥታ መንገድ (ሐዋሳ)

«አባርት አይደለም» ብሎ የሚጀምር የመኪና ማስታወቂያ በሕይወቴ አላየሁም። ዋጋው አሁንም ብዙ ነው፤ ግን አንብቤ ስጨርስ ራሴን ማየት ስፈልግ አገኘሁት።

ባለ ዌበሩ (አዲስ አበባ)

አይንኩት፣ እንዳለ ይውጣ። ሊብሬው እንደደረሰ ይጻፉልኝ፤ ዓርብ ማታ ጅማ ገብቼ አድራለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሳያስነሡት ይጠብቁኝ። የኮምፕሬሽን መለኪያዬን ይዤ እመጣለሁ፤ የእርስዎን ሳላምን ቀርቼ ሳይሆን ሁለቱን ማስተያየት ስለምወድ ነው።

መፈልፈያ (ጅማ)

ይምጡ። ካንዴላ መፍቻ አያምጡ፣ ጥልቅ ስለሆነ ተራው አይደርስም፤ ለዚህ ሞተር ያስረዘምኩት አለኝ።